ፔሸንት ኬር ኤክስፒሪየንስ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ፒኤ ለመማር የሚያመለክት ሰው ቅጹ ላይ ሦስት የሚመሳሰሉ ነገሮች ይገጥሙታል፤ ፔሸንት ኬር ኤክስፒሪየንስ፣ ሄልዝ ኬር ኤክስፒሪየንስ እና ሻዶዊንግ። ፒኤ ከሐኪም ጋር እየሠራ በሽተኛ የሚመረምርና መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ነው፤ እኛ አገር ጤና መኮንን ከምንለው ጋር ይቀራረባል። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉበት ካስፓ የተባለው ሥርዓት የሦስቱን የሥራ ሰዓት ለያይቶ ይቆጥራል፤ አንዱን ሰዓት ሁለት ቦታ መጻፍ አይቻልም።

ሻዶዊንግ ባለሙያ እየተከተሉ ማየት ነው፤ እጅ አይነካም። ሄልዝ ኬር የሚባለው ሕክምና ቤት ውስጥ እየሠሩ የበሽተኛው እንክብካቤ ግን በሌላ ሰው ኃላፊነት ሲሆን ነው። ምግብ ማድረስ፣ የቢሮ ሥራ፣ ፋርማሲ ቆሞ የታዘዘ መድኃኒት ማዘጋጀት እዚህ ይገባሉ። ፔሸንት ኬር የሚባለው በሽተኛው በቀጥታ በእጅ ሲሆን ነው፤ የነርስ፣ የአምቡላንስ ባለሙያ፣ የደም ቀጂ፣ የሲኤንኤ (በነርስ ሥር ሆኖ በሽተኛ የሚያጥብና የሚያለብስ ረዳት) ሥራ።

ሲኤንኤ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዋሽንግተንና አካባቢው ሲኤንኤ ያልሠራ ዘመድ የሌለው ሐበሻ መፈለግ ከባድ ነው። ልጆቹ «እኔ እንደለፋሁ እንዳትለፉ፣ ተማሩ» እየተባሉ ያድጋሉ። ታዲያ ልጅቷ ለትምህርት ቤቱ ልምድ ስትፈልግ የእናቷን ሥራ ዘላ የሐኪም ቢሮ እንግዳ መቀበያ ላይ ትቀመጣለች። ሸሚዟ አይቆሽሽም፤ ሰዓቷ ግን ሄልዝ ኬር ተብሎ ያልፋል። የእናቷ በብዙ ትምህርት ቤቶች ፔሸንት ኬር ነው።

ለሲኤንኤ የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ብዙ ግዛቶች ይጨምሩበታል። እዚያ የሚለመደው ነገር ተራ ይመስላል። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ላደከማቸው አዛውንት ሸሚዝ ሲያለብሱ የደከመው እጅ ይቀድማል፤ ሲያወልቁ ደህናው። ትንፋሽ ሲቆጠር አይነገራቸውም፤ ሰው እየተቆጠረበት መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይለወጣልና፣ የልብ ምት የሚቆጠር አስመስሎ የእጅ አንጓ እንደያዙ ደረት ደረታቸውን ማየት ነው። መንቀሳቀስ ያልቻሉትን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ተረከዛቸውና ወገባቸው ላይ መቅላት መኖሩን ማየት። ይህን አንድ ዓመት የሠራ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያወራው አያጣም።

ሰዓቱ የሚጠየቀው እንዲያው ለማጣራት ብቻ አይደለም፤ ሙያው ራሱ የተጀመረው እንዲህ ነው። ዱክ ዩኒቨርሲቲ በ1965 (በፈረንጆች) የመጀመሪያውን ፕሮግራም ሲከፍት የተቀበላቸው በባሕር ኃይል ውስጥ ቁስለኛ ሲያክሙ የነበሩ ሰዎችን ነበር።

ስንት ሰዓት? እንደ ትምህርት ቤቱ ነው። 500 የሚበቃቸው አሉ፣ 2000 የሚሉም አሉ። 1000 ሰዓት ሙሉ ጊዜ ለሚሠራ ስድስት ወር ገደማ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ስምንት ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ተማሪ ከ14 ወር በላይ። ስለዚህ በመጨረሻው ዓመት የሚጀመር ነገር አይደለም።

«አያቴን አስታምሜያለሁ» የሚሉኝ አሉ። አስታማሚነት ትልቅ ነገር ነው፣ አገር ቤት ሆስፒታሉም የሚቆመው በአስታማሚ ነው። ነገር ግን ተቆጣጣሪ ስለሌለው ብዙ ትምህርት ቤቶች አይቆጥሩትም፤ ለማመልከቻው ድርሰት ይቆይ። ክረምት አዲስ አበባ ሄዶ ሐኪም አጎት «ና ቁስል ስፋ» ያለውንማ ጭራሽ መጻፍ አያዋጣም። እዚህ ያለ ፈቃድ የማይሠራውን እዚያ መሥራት ብልህነት መስሎ አይታይም፤ የአመልካቹን ማስተዋል ያጠራጥራል።

ሰዓቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መመዝገብ ነው፤ የበሽተኛ ስም ሳይነካ። የተቆጣጣሪዋንም ስም፣ ስልክና ኢሜይል ሥራ ሳትለቅ መያዝ ነው፤ ነርሲንግ ሆም ላይ አለቃ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል።