ቤልጂየም በሁለት ቀን፣ ከባቡር ባቡር

ቤልጂየም ኢትዮጵያ ውስጥ 36 ጊዜ ያህል ትገባለች። ከጫፍ እስከ ጫፏ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ በሉት። ሕዝቧ ግን ከ11 ሚሊዮን በላይ ነው፣ ከተሞቿም ተጠጋግተው ነው የተሠሩት። ጀርመን ወይም ሆላንድ የሚኖር ሀበሻ ዓርብ ማታ ከሥራ ወጥቶ፣ ሦስት ከተማ አይቶ፣ እሁድ ማታ ቤቱ መግባት የሚችለው ለዚህ ነው። አራትም ይቻላል። እኔ አልመክርም። በሁለት ቀን አራት ከተማ አየሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያየው አራት ባቡር ጣቢያ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዞው ሁሉ የሚያልፈው በባቡር ነው። ከብራሰልስ ሜኸለን በ1835 የተከፈተው መስመር በአውሮፓ ዋና ምድር ላይ ሰው ማመላለስ ከጀመሩት ቀደምት የባቡር መስመሮች አንዱ ነው። ዛሬ ከብራሰልስ ጌንት ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ከጌንት ብሩዥ ሌላ 25 ደቂቃ ነው፤ ከብራሰልስ አንትወርፕ ደግሞ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ። ለአገር ውስጥ ባቡር ወንበር ማስያዝ የሚባል ነገር የለም። መደበኛው ትኬት የሚቆረጠው ለቀኑ እንጂ ለሰዓቱ ስላልሆነ አንዱ ባቡር ቢያመልጣችሁ ቀጣዩን መጠበቅ ነው፣ በዋና ዋናዎቹ መስመሮች ላይ ደግሞ ብዙ አያስጠብቅም። የቅናሹ ደንብ ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት የባቡር ድርጅቱ መተግበሪያ ላይ እዩት። ትኬት ሳትይዙ ግን አትሳፈሩ።

ብራሰልስ ላይ ሦስት ትልልቅ ጣቢያ አለ፦ ሰሜን፣ ማዕከላዊ እና ሚዲ። ሚዲ ማለት ደቡብ ነው። ከውጭ የሚመጡት ፈጣን ባቡሮች እዚያ ይቆማሉ። አሮጌው ከተማ ግን ከማዕከላዊው ጣቢያ የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው፣ ስለዚህ ሚዲ ወርዳችሁ ሻንጣ እየጎተታችሁ አትልፉ።

ሰው የሚሳሳተው በከተሞቹ ስም ነው። አገሪቱ ሦስት ብሔራዊ ቋንቋ አላት። ሰሜኑ ፍላንደርስ ደች ይናገራል፣ ደቡቡ ዋሎኒያ ፈረንሳይኛ፣ ምሥራቅ ዳር ላይ ያለች ትንሽ አካባቢ ደግሞ ጀርመንኛ። ብራሰልስ በሕግ ባለ ሁለት ቋንቋ ናት። ታዲያ አንዱ ከተማ ሁለት ስም ይዞ ይዞራል። ሊዬዥ በደች ሉይክ ነው። ሞንስ በርኸን ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ያለችው ሊል እንኳ አልቀረላትም፣ ራይሰል ትባላለች። ፍላንደርስ ውስጥ ስትሆኑ ሰሌዳው ላይ የምታገኙት የደቹን ስም ነው። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሉቨን ጣቢያ ቆሜ «ሊዬዥ» የሚል ጽሑፍ ስፈልግ፣ «ሉይክ» የሚል የለጠፈው ባቡሬ ዓይኔ እያየ ሄደ። አጠገቤ የነበሩ እማማ «ምን ጠፋብሽ ልጄ?» በሚል ፊት ያዩኛል፤ ባቡሬ አሁን ፊቴ ቆሞ ነበር ብዬ እንዴት ልንገራቸው።

ባቡሩ የቋንቋውን ወሰን ሲሻገር ተቆጣጣሪው የሚናገርበት ቋንቋም አብሮ ይቀየራል። በ2024 አንድ ተቆጣጣሪ ገና ፍላንደርስ ውስጥ እያለ ከደቹ ሰላምታ ጋር «ቦንዡር» ስለጨመረ አንድ ተሳፋሪ አቤት ብሎ ነገሩ ዜና ሆኖ ነበር። የቋንቋ ነገር ሲነሳ ድምፅ ዝቅ ከሚደረግበት አገር ለመጣ ሰው ይሄ እምብዛም አይገርምም። ለእንግዳ የምሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ጌንትና አንትወርፕ ላይ የተማራችሁትን ፈረንሳይኛ ከምታሳዩ በእንግሊዝኛ ጀምሩ።

ብራሰልስን ለመቅመስ ግማሽ ቀን ይበቃል። ግራንድ ፕላስ የሚባለውን አደባባይ ከቻላችሁ ሲመሽ እዩት። በ1695 የሉዊ 14ኛ ጦር ከተማዋን በመድፍ ሲደበድብ አደባባዩ ዙሪያ ያሉት ቤቶች ነደዱ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ግን ቆሞ ቀረ። ዛሬ በወርቅ አጊጠው የምታዩአቸውን ቤቶች የነጋዴና የእጅ ባለሙያ ማኅበራት በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደገና የሠሯቸው ናቸው። ከዚያ ሁሉም ሰው ወደ ማነከን ፒስ ይሮጣል። ሽንቱን የሚሸናው የነሐስ ልጅ ማለት ነው፣ ከ1619 ጀምሮ የሚታወቅ። ቁመቱ ግማሽ ሜትር ብትሆን ነው። መንገዱ ላይ የቆመው ደግሞ ቅጂው ነው፣ ዋናው ሙዚየም ገብቷል። ከ1,000 በላይ ልብስ ስላለው አንዳንድ ቀን ለብሶ ታገኙታላችሁ። አገሩ መለያው ያደረገው እንዲህ ያለ ልጅ ሆኖ ሳለ ጣቢያ ውስጥ ሽንት ቤት በገንዘብ ነው፤ ሳንቲም ያዙ።

ለኛ ሰው ብራሰልስ ውስጥ ሌላ ቦታ አለ። ለ1958ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራው፣ ዘጠኝ ኳስ ያለውና 102 ሜትር የሚረዝመው አቶሚየም ጋ በሜትሮ ሂዱ፤ ሄይሰል ነው የምትወርዱት። አጠገቡ ኪንግ ቦዱዋን ስታዲየም አለ። ነሐሴ ውስጥ፣ በፈረንጆች ኦገስት 26 ቀን 2005፣ ቀነኒሳ በቀለ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ የሮጠው እዚህ ነው። ያ ሰዓት 15 ዓመት ሙሉ የሚነካው አልተገኘም። ብዙ ጎብኚ ኳሶቹን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል፤ እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ የመጨረሻውን ዙር በሐሳቤ ሮጥኩት።

ቀን የተረፈው ሰው በ44 ቁጥር ትራም በጫካው መሀል አድርጎ ቴርቩረን ይሂድ። እዚያ ያለው የአፍሪካ ሙዚየም ሥሩ የ1897ቱ ኤግዚቢሽን ነው። በዚያ ኤግዚቢሽን ከኮንጎ የመጡ ሰዎች ለሕዝብ ማሳያ ተደርገው ነበር፣ ከነሱም ሰባቱ እዚያው ሞተዋል። ቤልጂየምና ኮንጎ የኛንም ታሪክ ይነካሉ። በ1941 ከቤልጂየም ኮንጎ የመጣ ጦር በጋምቤላ በኩል ገብቶ ጣሊያንን ወግቷል፤ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ እጁን የሰጠው ያኔ ሳዮ በምትባለው በደምቢ ዶሎ፣ ለዚህ ጦር ነው። ይህን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ማደሪያ ጌንት ይሁን። ብሩዥም ብራሰልስም ግማሽ ሰዓት አካባቢ ላይ ናቸው፣ ከተማዋ የተማሪ ከተማ ስለሆነች ማታም ሕይወት አላት። ጣቢያዋ ከመሀል ከተማ ራቅ ስለሚል ትራም ያዙ። በቅዱስ ባቮ ካቴድራል ውስጥ የቫን አይክ ወንድማማቾች በ1432 የጨረሱት ትልቁ የመሠዊያ ሥዕል አለ። በ1934 አንዱ ክፍሉ በሌሊት ተሰርቆ እስከ ዛሬ አልተገኘም፣ ቦታውን የያዘው ቅጂ ነው። እኔን ግን የሳበኝ የገመዱ ታሪክ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቻርልስ አምስተኛ የተወለደው እዚሁ ጌንት ነው። ከተማው ግብር አልከፍልም ብሎ ሲያምፅበት በ1540 መጥቶ ታላላቆቹን በባዶ እግራቸው፣ አንገታቸው ላይ የመስቀያ ገመድ አድርገው ምሕረት እንዲለምኑት አደረገ። የጌንት ሰው ስድቡን ወስዶ ማዕረግ አደረገው፤ ዛሬም ራሳቸውን «ገመድ ተሸካሚዎች» ብለው ይጠራሉ፣ በበዓል ቀን በኩራት ገመድ የሚያጠልቁ አሉ።

ብሩዥ ውብ ናት፣ ችግሯም እሱ ነው። እኩለ ቀን ላይ የአስጎብኚ ጃንጥላ ተከትሎ የሚሄድ ሰልፍ ይሞላታል። ማልዳችሁ ግቡ። የደወል ማማው 366 ደረጃ አለው፣ ጉልበት ላለው ነው። ከተማዋ ጥንት የአውሮፓ ገበያ ማዕከል ነበረች፤ ከባሕር የሚያገናኛት ውሃ በደለል ሲሞላ ነጋዴው ወደ አንትወርፕ ዞረ፣ እሷም ባለችበት ቆማ ቀረች። የአክሲዮን ገበያ በፈረንሳይኛ «ቡርስ» የሚባለው እዚህ ከነበረው የቫን ደር ቡርዘ ቤተሰብ ስም ነው ይባላል፣ ነጋዴዎች ደጃቸው ላይ ይገናኙ ነበርና። የቤተሰቡ አርማ ሦስት የገንዘብ ከረጢት ነው። የኛ «ቦርሳ»ም በጣሊያን በኩል የመጣ የዚሁ ቃል ዘመድ ነው።

ምግብ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በጾም የምትሄዱ ሰዎች፣ ድንች ጥብስ የጾም ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ቤልጂየም ውስጥ ድንቹ ሁለት ጊዜ ይጠበሳል፣ የድሮውን መንገድ የሚከተሉት ቤቶች ደግሞ የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነው። ጣዕሙም ከዚያ ነው የሚመጣው። በአትክልት ዘይት የሚጠብሱም አሉ፣ ጠይቁ። ዋፍልም ቅቤና እንቁላል አለበት። ለፍስክ ሰው ግን የሊዬዡን ዓይነት እመርጣለሁ፦ ወፍራም፣ ውስጡ የስኳር ጠጠር ያለው፣ ዳሩ ላይ ስኳሩ ቀልጦ እንደ ከረሜላ የሚሰበር። ያለ ክሬም፣ ያለ ምንም፣ በትኩሱ፣ ቆማችሁ ብሉት።

እሁድን ለአንትወርፕ ስጡ። በ1905 የተከፈተው ጣቢያ ራሱ እንደ ካቴድራል ነው፣ ጉልላቱ 75 ሜትር ይደርሳል፤ ባቡሮቹ ከሥሩ በፎቅ በፎቅ ይቆማሉ። ከጣቢያው ወጥታችሁ የአልማዝ ሱቆቹን አልፋችሁ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ስትሄዱ ብራቦ የተባለው ጀግና የተቆረጠ እጅ ሲወረውር የሚያሳይ ሐውልት ታያላችሁ። ተረቱ፣ ወንዙን የሚያልፈውን ሁሉ ቀረጥ የሚያስከፍል፣ እምቢ ያለውን እጁን የሚቆርጥ ግዙፍ ሰው ነበር፤ ብራቦ በተራው የሱን ቆርጦ ወንዝ ውስጥ ጣለው ይላል። ለዚህ ነው ከተማው በእጅ ቅርጽ ብስኩትና ቸኮሌት የሚሸጠው። ተረቱ የቆየ ነው። ሐውልቱ ግን የቆመው በ1887፣ የቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ኮንጎን የግል ግዛቱ ካደረገ ገና ሁለት ዓመት በሞላበት ጊዜ ነው፤ በዚያ ኮንጎ ውስጥ እጅ መቁረጥ ተረት አልነበረም። ቸኮሌቱን ገዝቼ ሳልበላው ቦርሳዬ ውስጥ ቆየ።

ወደቡ ከዓለም ትልልቅ የቡና ማከማቻዎች አንዱ ነው፣ የኛም ቡና ይራገፍበታል። መጋዘኖቹን ለማየት ግን አትድከሙ። ይልቅ ወንዙ ዳር ሂዱና በ1933 የተከፈተውን፣ በስኸልድ ወንዝ ሥር የሚያልፈውን የእግረኛ ዋሻ ፈልጉ። የሚያወርዳችሁ ተንቀሳቃሽ ደረጃ የያኔው ነው፣ ከእንጨት የተሠራ፣ ሲሄድ ሲጥ ሲጥ የሚል። ታች ቀዝቀዝ ይላል፣ ሰዎች ብስክሌታቸውን ይዘው አጠገባችሁ ይቆማሉ። 572 ሜትር ተጉዛችሁ በማዶ ስትወጡ ሳር አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ከወንዙ ባሻገር ከተማው ከነካቴድራሉ ተዘርግቶ ይታያል። የመጨረሻውን ዋፍል እስከዚህ አቆዩት።