«ንጉሥ አይከሰስ»ና ሌሎች በጎጃም እንደ ሕግ የሚነገሩ ስህተቶች

በገበያ ውሎም ሆነ በለቅሶ ቤት ስለ ሹም ሲወራ አንዳንድ አባባሎች እንደ ሕግ ሆነው ይነገራሉ። የቀበሌው ሊቀመንበርም፣ ፖሊሱም፣ የታሳሪው ወንድምም ያምኑባቸዋል። ሹሙ ሕግ ያልሰጠውን ሥልጣን ሲጠቀም ተበዳዩ ራሱ «መብቱ ነው» ብሎ የሚያልፈው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»

ተረቱ ለንጉሡ እውነት ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ እንዳይከሰሱ ይከለክላል። ያው ሕገ መንግሥት ግን በመንግሥት ሥራ የተጎዳ ሰው መንግሥትን እንዲከስ ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ አባባሉ በዘመኑም ቢሆን ከዙፋኑ በታች ላለ ሹም አይሠራም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 ዛሬም አለ፦ የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ያጠፋው በሥራው ከሆነ ደግሞ ተበዳዩ ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 መሠረት ያለ ሕግ ሰው ያሰረ ሹም ወንጀል ሠርቷል።

«ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» የሚል ሕዝብ፣ ለአንድ ድንበር ከጎረቤቱ ጋር ዓመታት የሚሟገት ሕዝብ፣ ተከራካሪው ሹም ሲሆን ግን ፋይሉን ሳይከፍት መተዉ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

«ጎጃሜ ድሮም አመፀኛ ነው፤ ግብር መክፈል አይወድም»

ይህን የሚሉት በ1960 ዓ.ም. የሆነውን እያነሡ ነው። በዚያ ዓመት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ጎጃም ግን ከዚያ በፊት ግብር አልከፈለም ማለት አይደለም፤ በርስት መሬቱ ላይ የተቆረጠ ግብር ይከፍል ነበር። ገበሬውን ያስፈራው ገማቹ ነው። መሬቱ ተለክቶ፣ ምርቱ ተገምቶ ከተመዘገበ ነገ ርስቱ የማን ይሆናል? ከዚያ በላይ ደግሞ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ነበር። ከጠመንጃ ምዝገባ ጋር የተያያዘ ክፍያው፣ በየሰበቡ የሚሰበሰበው መዋጮ፣ ገማች ሆኖ የሚመጣው ሹም ለራሱ የሚለው ሁሉ ተደራርቦ ነበር።

ሰዉ በቀጥታ ወደ ጠመንጃ አልሄደም። መጀመሪያ ሽማግሌ ልኮ አቤት አለ። መልስ ሲያጣ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጋ ዳሞት ገማቾችን አላስገባም አለ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላን መንደር ደበደበ። እንዲያም ሆኖ ግብሩ ሊሰበሰብ አልቻለም። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጎጃም መጡ፤ ገዥው ተነሡ፤ ውዝፉ ግብር ተማረ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ተጠያቂው ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ከዚህ ተነሥተው ከፋ ጠቅላይ ግዛት ተሾሙ። የበደለን ሰው ማዛወር እንደ ቅጣት የሚቆጠርበት ልማድ ዛሬ የመጣ አይደለም። ወረዳ ላይ ሕዝብ ያማረረ ኃላፊ በሌላ ወረዳ ወንበር ላይ ሲገኝ አይተናል።

«መሬት የመንግሥት ነው፤ ሲፈልግ ይነሣል»

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የሚለው መሬት «የመንግሥትና የሕዝብ» ነው። ያው አንቀጽ አርሶ አደሩ መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ንብረቱ ከተወሰደበት ደግሞ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፈለዋል። መሬቱን ባለቤት ሆኖ መሸጥ አለመቻል ሌላ ነገር ነው፤ በቀበሌ ስብሰባ መነጠቅ ሌላ።

ሰው ግን ይህን እምነት ከሜዳ አላመጣውም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ፣ ጎጃምም ውስጥ፣ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሥራ የያዙ ሰዎች «ቢሮክራት» ተብለው ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ክስ አልቀረበባቸውም፣ ፍርድ ቤት አልቀረቡም። የኮሚቴ አባል የነበረ ድሃ ገበሬም መለያው ከተለጠፈበት መሬቱ ለሌላ ተሰጠ። ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ገና 2 ዓመቱ ነበር። በኋላ የመጣው አረንጓዴ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ በጎዛምን ወረዳ ጭምር ቀድሞ የተሞከረው፣ ያን ፍርሃት በመጠኑ አበረደው። ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ የሚያስቀምጠው ገበሬ የሚፈራውን ያውቃል።

«ነፃነት የከተማና የተማረ ሰው ወሬ ነው»

እስቲ ማዳበሪያ እንውሰድ። በ2015 ክረምት እጥረቱ ሲብስ ገበሬ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ጮኸ። ማዳበሪያ በማኅበር በኩል ነው የሚታደለው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ማን እንደሚገባ የሚወስን ሰው ደግሞ የዓመቱን እንጀራ ይዟል ማለት ነው። መታወቂያም እንዲሁ፣ የድጋፍ ደብዳቤም እንዲሁ። «ስብሰባ አልመጣህም»፣ «መዋጮ አልከፈልክም» ተብሎ መታወቂያ የተከለከለ ሰው መንገድ ላይ ኬላ አያልፍም፣ ባንክ ቤት ገንዘቡን አያወጣም። ከዚህ የበለጠ የገበሬ ጉዳይ ምን አለ?

ሁለት ጉዳዮችን አገናኝቶ አንዱን በሌላው ማስያዝ የሹም ፈጠራ ነው። ሲከለክሉህ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቅ። ብዙ ክልከላ ወረቀት ላይ ለመስፈር ያፍራል።

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል? ዝም ያለ አይነካም»

ጥር 20 ቀን 2016 በሰሜን ጎጃም መርዓዊ ከተማ ምን ሆነ? የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ማንነታቸውን ያረጋገጣቸው ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን አስታውቋል። ለዚህ አባባል ከዚያ በላይ መልስ አልፈልግም። ታጣቂዎች ሰው አግተው ገንዘብ ይጠይቃሉ የሚልም አለ፤ እውነት ነው፣ ወንጀልም ነው። የአጋች ወንጀል ግን ለመንግሥት ፈቃድ አይሆነውም።

ቤት ፍተሻም ላይ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ፍርድ ቤት ሌላ ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

«የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካለ መብት የሚባል የለም»

በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው አዋጅ ለ6 ወር ነበር፤ በጥር 2016 ለ4 ወር ተራዘመ፤ ከዚያ አልታደሰም። አዋጁ ካለቀም በኋላ «አዋጅ ነው» ሲባል የሚሰማ አለ። በአዋጁ ጊዜም ቢሆን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የማይነኩ ነገሮችን ለይቷል፤ ከነዚህ ውስጥ አንቀጽ 18፣ ማለትም ከጭካኔና ከኢሰብዓዊ አያያዝ መጠበቅ፣ እና አንቀጽ 25፣ በሕግ ፊት እኩል መሆን፣ ይገኙበታል። የታሰሩ ሰዎች ስምና የታሰሩበት ምክንያት በ1 ወር ውስጥ ይፋ እንዲሆንም ያዛል። የአዋጁን አፈጻጸም የሚከታተለው መርማሪ ቦርድም የሚቋቋመው ለዚህ ነው።

«ለማጣራት ይፈለጋል ካሉ እስኪጣራ መጠበቅ ነው»

ከሁሉም በላይ ቤት ያፈረሰው ይህ ነው። ሚስት ስንቅ እያመላለሰች፣ አባት ሽማግሌ እየላከ ወር ይሞላል፤ ፍርድ ቤት ግን ስለ ሰውየው ሰምቶ አያውቅም። «አቤት ካልን ይብስበታል» ይባላል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ተገቢ የጉዞ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። የታሰረበት ምክንያት ሊነገረው ይገባል፣ ዝም ማለትም ይችላል፤ ተገድዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንም። አንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰብ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጠይቁት ይፈቅዳል። ፖሊስ ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ ቢጠይቅ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም። ሕጉ ስንት ጊዜ መስጠት እንደሚቻል አለመገደቡ ትልቅ ቀዳዳ ነው፤ ፖሊስም ያውቀዋል። ዋስትና የተፈቀደለት ሰው በር ላይ እንደገና ሲያዝም እናያለን። ሕጉ ሁልጊዜ ያሸንፋል አልልም። ያልተጻፈ አቤቱታ ግን ሊያሸንፍም አይችልም፣ በኋላ ለሚጠየቅ ሰውም ማስረጃ አይሆንም።

ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ለቆየ ሰው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታን ያስቀምጣል። ታሳሪው ራሱ መጻፍ ካልቻለ ሌላ ሰው በቃለ መሐላ አስደግፎ ማቅረብ ይችላል። መግባት ያለባቸው ነገሮች፦ የያዘው ሰው ወይም ኃላፊ ማን እንደሆነ፣ የት እንደተያዘ፣ እንዴት እንደተያዘ፣ ካሉም የምስክሮች ስም። ከዚያ ፍርድ ቤቱ ያሰረውን ኃላፊ ታሳሪውን ይዞ ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ይጠራዋል፤ በቂ ምክንያት ካልቀረበ ታሳሪው ወዲያው እንዲለቀቅ ያዛል። ስለዚህ ስንቅ ይዛ የምትሄድ ሚስት በዚያው የጣቢያውን ስም፣ የተረኛውን ኃላፊ ማዕረግ፣ ባሏ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ ሲያዝ አጠገቡ የነበሩትን ሰዎች ትመዝግብ።