የቤት መጠባበቂያ ስንቅ ምንድን ነው? ፍሪጅ የማይፈልጉ ሥጋና ወተት

አዳማ ላይ መብራት ሲጠፋ የሚያስጨንቀው ሽሮውና ምስሩ አይደለም። እነሱ ባሉበት ይቆያሉ። ሥጋና ወተት ግን በዚህ ሙቀት ፋታ አይሰጡም። በሩ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚይዘው ለ4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ግማሹ ባዶ ከሆነ ደግሞ 24 ሰዓት ገደማ። ከዚያ ያለፈ ሥጋ ባይሸትም አያስተማምንም።

የቤት መጠባበቂያ ስንቅ የሚባለው መብራት፣ ገበያ ወይም መንገድ ለጥቂት ቀናት ቢቋረጥ ቤተሰቡን የሚያሻግር ምግብ ነው። ፍሪጅ አይፈልግም። ብዙ ማብሰልም አይጠይቅም። በኩንታል መከመር ማለት አይደለም። ገበያው ሲጨነቅ ሮጦ ሱቅ ማራቆት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው፤ ጎረቤትን ይጎዳል፣ ዋጋ ያስወድዳል። ስንቅ የሚያዘው ቀኑ ደህና ሳለ ነው። አንድ ሰሞን አንድ ቆርቆሮ፣ ሌላ ሰሞን አንድ ፓኬት እየተባለ።

ለምን ያስፈልጋል ለሚል ሰው ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሩቅ አይደለም። በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ንዝረቱ አዳማም አዲስ አበባም ተሰምቷል። በአፋርና በኦሮሚያ እጅግ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። አዳማ ያለችው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በክረምት ደግሞ ከዙሪያዋ ኮረብታ የሚወርደውን ጎርፍ የከተማው ሰው ያውቀዋል። ለ3 ቀን የሚሆን ምግብ ቤት ውስጥ መኖሩ የተጋነነ ጥንቃቄ አይደለም።

እህሉን ማንም ቤት ያውቅበታል። በሶም ጭኮም ድርቆሽም አለን። የሚያስቸግረው ሥጋና ወተቱ ስለሆነ እዚያ ላይ ልቆይ።

የቆርቆሮ ሥጋ የሚቆየው ብዙ ሰው እንደሚያስበው በመድኃኒት ብዛት አይደለም። ዋናው ምስጢር ሙቀትና መታሸግ ነው። ኒኮላ አፔር የሚባል ፈረንሳዊ ምግብ በጠርሙስ አሽጎ በመቀቀል ለረጅም ጊዜ ማቆየት ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1810 ከመንግሥቱ 12,000 ፍራንክ ተሸለመበት። ለምን እንደሚሠራ ግን እሱም አያውቅም ነበር። ምግብ የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት መሆናቸውን ሉዊ ፓስተር ያሳየው ከአምሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ሥጋው ቆርቆሮው ውስጥ ከገባና አየር እንዳያስገባ ከታሸገ በኋላ በእንፋሎት ግፊት እስከ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ውስጡ ያለው ሁሉ ይሞታል፤ ከውጭ የሚገባ የለም። ሥጋው የበሰለ ስለሆነ ጋዝም ከሰልም ቢጠፋ ቀዝቃዛውን መብላት ይቻላል።

121 የሚለው ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ አለ። ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ፈልቶ የሚንተከተክ ውሃን ችሎ ያልፋል። ከዚያ አየር የሌለው የታሸገ ዕቃ ውስጥ ተረጋግቶ ይራባል፤ መርዝም ያመርታል። መርዙ ጡንቻን ያሽመደምዳል፣ ትንፋሽም ሊያቋርጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ ሽታም ጣዕምም የለውም።

እዚህ ላይ የአዳማ ከፍታ ራሱ ጉዳይ አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ነች። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ95 ገደማ ነው። ስለዚህ ሥጋ በጠርሙስ ሞልቶ፣ ድስት ውስጥ ቀቅሎ፣ ከድኖ ማስቀመጥን የሚያስተምር ቪዲዮ ካያችሁ እባካችሁ አትሞክሩት። ጥሩ የሚመስል ነገር ቤተሰብ ሊገድል ይችላል። ሥጋን ቤት ውስጥ ማሸግ ለፋብሪካ ይተው።

ቤት ውስጥ ሥጋ ማቆየት የሚፈልግ ሰው ቋንጣ አለለት። የቋንጣ አሠራር ከቆርቆሮው ይለያል። እዚህ ሕዋሳቱን የሚያስቆማቸው የውሃ እጦት ነው። ሥጋው በቀጭኑ ይዘለዘላል፣ በጨውና በበርበሬ ይታሻል፣ ነፋስ ባለበት ይሰቀላል። የአዳማ በጋ ለዚህ የታደለ ነው፤ ደረቅና ነፋሻ ነው። በክረምት ግን ተጠንቀቁ፤ እርጥበቱ ያሻግተዋል። በደንብ የደረቀ ቋንጣ ሲታጠፍ ይሰበራል እንጂ አይለመጥም። ከዚያ እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ።

ወተት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በላስቲክና በካርቶኑ መካከል ነው። ሱቅ የሚሸጠው የላስቲክ ወተት ፓስቸራይዝድ ነው። በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ያህል መሞቁ በሽታ አምጪውን ያጠፋል፣ ግን ሁሉንም ሕዋስ አይገድልም። ፍሪጅ ይፈልጋል። ረጅም ጊዜ የሚቆየው የካርቶን ወተት ግን ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰከንድ ሞቆ ንጹሕ ካርቶን ውስጥ የታሸገ ነው። ሳይከፈት ያለ ፍሪጅ ወራት ይቆያል። ሲከፈት ግን ያው ተራ ወተት ነው። መብራት ከሌለ በተከፈተበት ሰዓት መጠጣት አለበት። ስለዚህ ለስንቅ ትንንሹ ካርቶን ከአንድ ሊትሩ ይሻላል፣ ዋጋው ትንሽ ቢወደድም።

የዱቄት ወተት ከሁሉም አመቺው ነው ብዬ አምናለሁ። 400 ግራም ጣሳ 3 ሊትር ገደማ ወተት ይወጣዋል። ከጣሳው የሚያስፈልጋችሁን ብቻ በጥብጣችሁ ሌላውን መክደን ትችላላችሁ። ቅባቱ ያልወጣለት ዱቄት ግን ሙቀት አይወድም፤ ሲከርም ሽታውና ጣዕሙ ይለወጣል። ደግሞም ያለ ንጹሕ ውሃ ዋጋ የለውም። ሮቶው ባዶ ከሆነ ኒዶው ብቻውን ምን ያደርጋል? በጀሪካን የመጠጥ ውሃ መያዝ የስንቁ አንድ አካል ነው።

ቅቤም አይረሳ። ለጋ ቅቤ ውስጥ ውሃና የወተት ቅሪት አለ። የሚያበላሸውም እሱ ነው። ሲነጠር ውሃው ይተናል፣ ቅሪቱ ይጠለላል፤ የሚቀረው ንጹሕ ቅባት ነው። ፍሪጅ ሳይገባ ወራት መቆየቱ ለዚህ ነው። እርጥብ ማንኪያ ብቻ አይግባበት። አይብ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ውሃው ብዙ ነው።

የታሸገ ነገር ሁሉ ጠላቱ ሙቀት ነው። ምግብ ውስጥ ያለ ለውጥ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር በግምት እጥፍ ይፈጥናል። አዳማ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ የተቀመጠ ጣሳ ቀኑን ሙሉ ይጋገራል። አልጋ ሥር ወይም ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ በኩል፣ ከወለል ትንሽ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። ወለሉ ላይ ከሆነ ዝገትና ጎርፍ ያገኘዋል።

ቆርቆሮው ያበጠ፣ የሚያንጠባጥብ፣ በጣም የዛገ ወይም መገጣጠሚያው ላይ የተጨረመተ ከሆነ ይጣል። «እስኪ ልቅመሰው» አይባልም። ጥቂት መርዝ ይበቃል።

ቀኑን ስታነቡ የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አስታውሱ። 03/2027 የሚል ጣሳ የሚያልፍበት ጊዜ እኛ ጋ 2019 መጋቢት ላይ ነው። በእስክሪብቶ የእኛን ወርና ዓመት ክዳኑ ላይ መጻፍ ብዙ ያግዛል። ቀኑ የቀረበው ከፊት፣ አዲስ የተገዛው ከኋላ ይደርደር።

ከዚህ ጋር ጾም አለ። የሚጾም ቤት ውስጥ ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመሩ ደግሞ የሥጋና የወተት ስንቅ የሚበላበት ቀን ያንሳል። ስለዚህ ከቅበላ በፊት መደርደሪያውን ማየት ጥሩ ልማድ ነው። በሁዳዴ ውስጥ ቀኑ የሚያልፍ ካለ ጾሙ ሳይገባ ይበላ። የሚጾም ሰው ስንቁ ውስጥ ኦቾሎኒና የታሸገ ባቄላም መኖር አለበት፤ አደጋ የፍስክ ቀን አይጠብቅም። ሌላው የማን እርድ ነው የሚለው ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለራሱ የሚሆነውን ከመግዛቱ በፊት ጽሑፉን አይቶ ይለይ። ቤተሰቡ የማይበላው ሥጋ ስንቅ አይሆንም። እንግዳ ለሚበዛበት ወይም የተለያየ እምነት ላለበት ቤት ቱናና ሰርዲን ይቀላሉ።

የቆርቆሮ ሥጋ ጨው ይበዛበታል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ የዓሣውና የወተቱ ድርሻ ይብዛ። ቱናም ጨው የበዛበት አለ፤ ጽሑፉን እዩ። ቆርቆሮ መክፈቻም አብሮ ይቀመጥ፤ በቢላ ሲታገሉ እጅ መቁረጥ የተለመደ ነው። አንዴ የተከፈተ ሥጋ ያለ ፍሪጅ ለነገ አይቀመጥም። ለ5 ሰው ቤት አንድ ትልቅ ጣሳ ከመያዝ በአንድ ማዕድ የሚያልቁ ትንንሾቹን መያዝ ይሻላል።

ሕፃን ያለበት ቤት ለብቻው ያስብ። ተራ የዱቄት ወተት ዓመት ላልሞላው ልጅ የእናት ጡት ምትክ አይሆንም። በችግር ጊዜ ጡት ማጥባቱን መቀጠል ከሁሉም ይበልጣል፤ ንጹሕ ነው፣ ውሃም ጋዝም አይጠይቅም። ጡት የማይጠባ ልጅ ካለ ለዕድሜው የተዘጋጀው የሕፃናት ወተት ይያዝለት። እሱም ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ ውሃው ፈልቶ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ መበጥበጥ አለበት። ልጁ የሚጠጣው ግን በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የተረፈው ይደፋ። ስለዚህ ሕፃን ላለበት ቤት አንድ ትርፍ ሲሊንደር ጋዝ ወይም ግማሽ ጆንያ ከሰል ከወተቱ እኩል የስንቁ አካል ነው።