መጀመሪያ ዮርዳኖስን ተሻገሩ

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ዛሬ ስለ ክርክር እንነጋገር። ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ አገር ሕግ ስለምናደርገው ክርክር። እሁድ ጠዋት ጎን ለጎን ቆመው የዘመሩ ሰዎች ማታ በስልካቸው ሲሰዳደቡ ያመሻሉ። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን፣ ዱባይም ሆነ ፍራንክፈርት ነገሩ ያው ነው። በአንድ ዜና የተነሳ ከቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ የወጣ ወንድም አለ። በፖለቲካ ምክንያት ከጓደኛዋ ሰርግ የቀረች እህት አለች። ይህ ያሳዝነኛል። ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ብዙዎቻችን ይህን እንደ ኃጢአት አለመቁጠራችን ነው። ለእውነት የቆምን ይመስለናል።

አንዳንዶች መፍትሔው ዝምታ ነው ይላሉ። «አማኝ ፖለቲካ ውስጥ ምን አገባው?» ይሉናል። እኔ በዚህ አልስማማም። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ክርክር የበዛበት መጽሐፍ ነው። በሐዋርያት ሥራ 15 ላይ ጴጥሮስ ተነሥቶ የተናገረው ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ነው። ጳውሎስም አቴና ውስጥ በምኩራብና በገበያ ካገኛቸው ሰዎች ጋር በየቀኑ ይነጋገር ነበር። መከራከራችን አይደለም ችግሩ። ሰውየው ምን እንዳለ ሳንሰማ፣ ለምን እንዳለም ሳንጠይቅ መፍረዳችን ነው።

እስቲ ኢያሱ ምዕራፍ 22ን አብረን እንይ። ብዙ ጊዜ የማይሰበክበት ምዕራፍ ነው። ለዚህ ዘመን ግን ከዚህ የበለጠ የሚሆነን ታሪክ አላገኘሁም።

የሮቤል ነገድ፣ የጋድ ነገድና የምናሴ ነገድ እኩሌታ ርስታቸው ከዮርዳኖስ በስተምሥራቅ ነበር። ቢሆንም ወንድሞቻቸው ርስታቸውን እስኪይዙ ድረስ ወንዙን ተሻግረው አብረው ተዋጉ። ጦርነቱ ሲያበቃ ኢያሱ መርቆ ወደየቤታቸው አሰናበታቸው። እነሱም በመንገዳቸው ላይ በዮርዳኖስ አጠገብ ትልቅ መሠዊያ ሠሩ። ወሬው ለቀሩት ነገዶች ደረሰ። ልብ በሉ፣ ሄደው አላዩትም። ሰሙ እንጂ። ወዲያው የእስራኤል ልጆች ማኅበር ሁሉ ሊወጓቸው በሴሎ ተሰበሰቡ። ትናንት አብረው የደሙ ሰዎች ዛሬ በወሬ ሊተላለቁ ነው።

እዚህ ላይ በእነዚያ ሰዎች ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። እግዚአብሔር ራሱ ከመረጠው ስፍራ ውጭ መሥዋዕት እንዳይሠዋ ሙሴ አዝዟል። እስራኤል ለጣዖት በሰገደበት በፌጎር በደል 24,000 ሰው በመቅሠፍት ሞቷል። አካን የሚባል አንድ ሰው በመስረቁ ምክንያት እስራኤል በጋይ ከተማ ሰዎች ፊት ሸሽቷል። ስለዚህ «የአንዱ ኃጢአት ሁላችንንም ያስቀጣናል» ቢሉ ያዩትን ነው የሚናገሩት። እኛ ዛሬ የምንከራከራቸው ሰዎችም እንዲሁ ናቸው። ሲጮኹ የምንሰማው ብዙ ጊዜ ያልዳነ ቁስል ነው። ያቺ ሴት ስለ አንድ ፓርቲ ስትናገር ድምፅዋ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ታውቃላችሁ? ወንድሟ የት እንደቀረ ጠይቃችኋታል?

እስራኤል ግን ወዲያው አልዘመተም። መጀመሪያ ሰው ላከ። ከየነገዱ አንድ አንድ አለቃ፣ በጠቅላላው አሥር። መሪያቸው የካህኑ የአልዓዛር ልጅ ፊንሐስ ነው። ፊንሐስ ማን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። በፌጎር ጊዜ ጦር አንሥቶ ኃጢአተኞቹን የወጋው እሱ ነው። ከሰው ሁሉ ቀናተኛው፣ ለማንም የማይመለሰው ሰው። ለመስማት የተላከው ታዲያ እሱ ነው። ይህ በጣም ይገርመኛል። «እኔ ለእውነት ቀናተኛ ስለሆንኩ መስማት አልችልም» የምንል ሁሉ ፊንሐስን እናስብ። ለእግዚአብሔር ያለው ቅንዓት ከመስማት አላገደውም።

ደግሞ ሲደርሱ ነገር አላለሳለሱም። ይህ ዓመፅ ነው፣ በእግዚአብሔር ላይ ክህደት ነው ብለው በግልጽ ተናገሩ። የሚያምኑትን ደብቀው በፈገግታ አላለፉም። ነገር ግን ቁጥር 19 ላይ አንድ ነገር ጨመሩ። የርስታችሁ ምድር ርኩስ መስሎ ከታያችሁ ወደ እኛ ተሻገሩ፣ በመካከላችን ርስት ውሰዱ አሏቸው። አስቡት! ከገዛ መሬታቸው ሊያካፍሏቸው ነው። መሬት ለእነሱ ሕይወት ነበር፤ ብዙ ደም የፈሰሰበት ነው። እነሱ ግን ወንድማቸው ከሚጠፋ የራሳቸው ርስት ቢጎድል መረጡ።

እኛ ስንከራከር ምን እናቀርባለን? ሰውየው እኛን ቢሰማና ሐሳቡን ቢቀይር ምን ይቆየዋል? ጓደኞቹ ቢርቁት የምናስጠጋው ነን? ወይስ «አላልኩህም!» ብለን ልናሳፍረው ነው የምንጠብቀው? ከሰው ጋር ከመከራከሬ በፊት ይህን ራሴን መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ለማሸነፍ ብቻ የሄደ ሰው ከመሬቱ ቆርሶ አይሰጥም።

አሁን መልሱን እንስማ። የምሥራቁ ነገዶች የአማልክት አምላክ እግዚአብሔር ያውቃል ብለው ጀመሩ። መሠዊያው ለሚቃጠል መሥዋዕት አልነበረም። የፈሩት ሌላ ነገር ነው። ነገ ልጆቻችሁ ልጆቻችንን «እናንተ ከእስራኤል አምላክ ጋር ምን አላችሁ? ዮርዳኖስ በመካከላችን ድንበር ነው፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ድርሻ የላችሁም» እንዳይሉ ፈራን አሉ። መሠዊያውን የሠሩት ምስክር እንዲሆን ነበር። እኛም የእናንተ ነን፣ እኛም የእሱ ነን ለማለት።

ከምዕራብ ሲታይ መገንጠል የመሰለው ነገር ከምሥራቅ ሲሰማ «አታስወጡን» የሚል ልመና ነበር። ወንዙን ባይሻገሩ ይህን በምንም መንገድ ሊያውቁት አይችሉም ነበር።

ይህን ሳነብ የአገራችን ታሪክ ይመጣብኛል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የሃይማኖት እኩልነት ይከበር ብሎ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጣ። ከሙስሊሞቹ ጋር ክርስቲያኖችም ነበሩበት። በዚያ ዘመን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሕገ መንግሥት የመንግሥት ሃይማኖት ነበረች። የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓል አልነበሩም። ሙስሊሙም «በኢትዮጵያ የሚኖር እስላም» ይባል ነበር። የተጠየቀው «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንዲባሉ ነው። ያ ሰልፍ ለብዙ አማኞች ያኔ እንደ ስጋት ታይቶ ይሆናል። ጥያቄው ግን ልክ የሮቤልና የጋድ ጥያቄ ነበር። ልጆቻችንን ድርሻ የላችሁም አትበሏቸው።

እኛ ወንጌላውያንም ይህን ስሜት እናውቀዋለን። «መጤ ሃይማኖት» ተብለናል። ጸሎት ቤቶቻችን ተዘግተዋል፣ አባቶቻችን ታስረዋል። ይህን የቀመሰ ሰው ዛሬ ሌላውን «አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህም» ለማለት አፉ እንዴት ይከፈታል?

ክርክር በሌላ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመጣም ታሪካችን ይነግረናል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ ቦሩ ሜዳ ታላቅ የሃይማኖት ጉባኤ ጠሩ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ስለ ክርስቶስ ባሕርይና ልደት የሚለያዩት የተዋሕዶና የሦስት ልደት ሊቃውንት በነገሥታቱ ፊት ተከራከሩ። ክርክሩ ሊቃውንት በቃል ያደረጉት ነበር፤ ክብር ይገባዋል። መቋጫው ግን በዙፋን ሆነ። የተረታው ትምህርት ተከለከለ። ከዚያም የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው ናቸው። እንደ ሼኽ ጠልሃ ያሉ የወሎ ሙስሊም መሪዎች ደግሞ አንቀበልም ብለው ታገሉ። ብዙ ሰው ተሰደደ። አፄ ዮሐንስ ያሰቡት የአገር አንድነት ነበር፤ ለዚህችም አገር በመተማ ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። እኔ ለማንኳሰስ አይደለም የማነሣው። ግን ልብን በአዋጅ መመለስ እንደማይቻል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገንም። እውነት ከእኛ ጋር ናት ብለን ስናምን ደግሞ ይህ ፈተና ይበረታል። መንግሥት የኛን ወገን ሲይዝ ክርክሩ አለቀ ብለን እንተኛለን።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ይህን ይዘው «ስለዚህ አማኝ ስለ ሕግ አይናገር» የሚሉ አሉ። አንቀጹ እንዲህ አይልም። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ነው የሚከለክለው። አማኙ ግን ዜጋ ነው። የመናገር መብቱ አንቀጽ 29 ላይ ተጽፏል።

ታዲያ ለመናገር መጀመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል። ረቂቅ አዋጅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ብዙ ጊዜ የሕዝብ አስተያየት መስሚያ መድረክ ያዘጋጃል። ሲጸድቅም በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። ስንቶቻችን ነን ረቂቁን አንብበን የተከራከርን? ብዙዎቻችን የተከራከርነው አንድ ሰው ቲክቶክ ላይ ስለ ረቂቁ ያለውን ይዘን ነው። ምሳሌ 18፥13 «ሳይሰማ ነገርን የሚመልስ ስንፍናና እፍረት ይሆንበታል» ይላል። ሳያነብ ለሚከራከርም ይሠራል።

አንድ ከባድ ምሳሌ ልውሰድ፤ የፅንስ ማቋረጥን ጉዳይ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ፅንስ ማቋረጥን በመሠረቱ ወንጀል ያደርገዋል። አንቀጽ 551 ደግሞ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። በመደፈር ወይም በሥጋ ዘመዶች ግንኙነት የመጣ እርግዝና፣ የእናት ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ እናቲቱ በዕድሜዋ ወይም በጤንነቷ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን። እኔ በማኅፀን ያለው ሕይወት የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። መዝሙር 139ን አንብቤ ሌላ ነገር ማለት አልችልም። ይህን በአደባባይ እናገራለሁ። ነገር ግን ሕጉን የደገፈችውን አዋላጅ ነርስ «ነፍሰ ገዳይ» ብዬ መጥራት አልችልም። በድብቅ በተደረገ ማቋረጥ ደማቸው ፈስሶ የሞቱ ሴቶችን በእጇ ይዛ ይሆናል። ይህ በአገራችን የብዙ እናቶች ሞት ምክንያት ነበር። ሄጄ ልጠይቃት ይገባል። ስመለስ እምነቴ ያው ሊሆን ይችላል። አነጋገሬ ግን ያው አይሆንም። ምናልባትም ቤተ ክርስቲያናችን ለተደፈረች ልጅ ምን አዘጋጅታለች የሚል ጥያቄ ይዤ እመለሳለሁ። በኢያሱ 22 ቁጥር 19 ላይ ለወንድሞች የቀረበው መሬት ለእኛ ይህ ነው።

ሐሰት ስለማሰራጨት ብዙ አልልም፤ ግልጽ ነው። ሰው ያላለውን አለ ማለት፣ ንግግሩን ቆርጦ መልቀቅ፣ የድሮ ፎቶ የዛሬ አስመስሎ ማጋራት በሐሰት መመስከር ነው። አገሪቱ በ2012 ዓ.ም. ስለ ጥላቻ ንግግርና ስለ ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 አውጥታለች። እኛ ግን ዘጠነኛው ትእዛዝ ከደረሰን ስንት ዘመን ሆነን? «ፎርዋርድ ነው ያደረግኩት፣ እኔ አልጻፍኩትም» የሚል መልስ በእግዚአብሔር ፊት አያዋጣም። ዘጸአት 23 የሐሰት ወሬ መቀበልን ራሱ ይከለክላል።

አሁን አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተሻግረን ሄደን መሠዊያው በእውነት የዓመፅ መሠዊያ ሆኖ ብናገኘውስ? ወንድማችን በእውነት ሰው እየበደለ፣ በእውነት እየዋሸ ከሆነስ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁልጊዜ እንደ ኢያሱ 22 በደስታ አያልቅም።

ያኔ ፊት ለፊት እንናገራለን። እ.ኤ.አ. በ1972 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ለልማት ገንዘብ እየሰጡ የወንጌልን ሥራ ወደ ጎን መተዋቸው ስሕተት ነው፣ ሰው ሙሉ ነው፣ ነፍሱና ሥጋው አይከፈልም አሉ። ይህን የተናገሩት ገንዘብ ለሚሰጧቸው ሰዎች ነው። አልሰደቡም፣ ከጀርባም አላሙም። በምክንያት ጻፉ። ደብዳቤው በብዙ አገሮች ቤተ ክርስቲያናትን አነጋገረ። በደርግ ዘመንም እኚሁ ሰው አልጎነበሱም፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተገደሉ።

ጳውሎስም በአንጾኪያ እንዲሁ አደረገ። ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር መብላቱን ትቶ ሲለይ የወንጌል እውነት ተነካ። ጳውሎስ «ፊት ለፊት ተቃወምሁት» ይላል፤ በሁሉም ፊት ነበር የተናገረው። ነገሩ ከባድ ነበር፣ በገላትያ መልእክት ተጽፎም ቀርቷል። ጴጥሮስ ቆይቶ በሁለተኛው መልእክቱ ስለ ጳውሎስ የመጻፍ ዕድል አገኘ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ «የተወደደው ወንድማችን ጳውሎስ» ብሎ ጠራው።