መንፈስ ምንድን ነው? ከአዳማ ነፋስ እንነሣ

አዳማ ለኖረ ሰው ነፋስን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ደጅ ላይ ማኪያቶ ይዛችሁ ብትቀመጡ ሶፍቱን ይነጥቃችኋል፣ አዋራውን ስኒያችሁ ውስጥ ይጨምርላችኋል። ራሱን ግን ያየው የለም። ኮረብታው ላይ የቆሙትን 136 ተርባይኖች የሚያሽከረክረውም ይኸው የማይታይ ነገር ነው። ሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች አንድ ላይ 204 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው።

ከነፋስ የተነሣሁት ወሬ ለማሳመር አይደለም። ነፋስ፣ እስትንፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፦ አራቱም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ «ነፈሰ» ከሚለው ግሥ ጋር ይዛመዳሉ። የዕብራይስጡ «ሩአሕ» እና የግሪኩ «ፕኔውማ»ም ነፋስ፣ ትንፋሽ፣ መንፈስ ተብለው ይተረጎማሉ። ሩቅ መሄድም አያሻም። እዚሁ አዳማ በኦሮምኛ «ሀፉራ» ትንፋሽ ነው፤ መንፈስ ቅዱስም «ሀፉራ ቁልቁሉ» ይባላል።

ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። አሁን ያረፈ ሰው እጁም ዓይኑም በቦታው አለ። የጎደለው ትንፋሹ ነው። በዘፍጥረትም አዳም ከአፈር ይበጃል፤ ሕያው የሚሆነው ግን በአፍንጫው እፍ ሲባልበት ነው።

ዛሬ «መንፈሳዊ» ስንል የ«ቁሳዊ» ተቃራኒ ማለታችን ነው። ድሮ መስመሩ እንዲህ አልጠራም ነበር። ስቶይኮች የሚባሉት የግሪክ ፈላስፎች ፕኔውማን የእሳትና የአየር ድብልቅ ያደርጉታል። ነፍስም ለእነሱ አካል ናት። አካል ባትሆን ኖሮ እጅን እንዴት ታንቀሳቅሳለች?

በእኛው ሊቃውንት ትምህርት ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። ሰው ከሰባት ባሕርያት ተፈጠረ ይላሉ። አራቱ የሥጋ ናቸው፦ መሬት፣ ውኃ፣ እሳት፣ ነፋስ። ሦስቱ የነፍስ ናቸው፦ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት፤ ማሰብ፣ መናገር፣ ሕይወት ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ነፋስ የተቆጠረው ከሥጋ ወገን ነው። ቃሉ ከነፍስ ጋር አንድ ቤት ተወልዶ፣ በትምህርቱ ግን ማዶ ተሻግሯል። እኔ ይህን ክፍፍል እወደዋለሁ። ሥጋንም ነፍስንም ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ያያቸዋል እንጂ አንዱን አጣጥሎ አያልፍም።

አርስቶትል ሌላ መንገድ ሄደ። ነፍስና ሥጋ አንድ ናቸው ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ሰሙና ሰሙ ላይ ያረፈው ቅርጽ አንድ ናቸው ወይ እንደማለት ነው አለ። ቅኔ የለመደ ጆሮ ወዲያው ሰምና ወርቅ ይታወሰዋል። ግን ይለያያሉ። ወርቁ ከሰሙ ተፈልቅቆ ይወጣል። የአርስቶትል ቅርጽ ሰሙን ጥሎ የትም አይሄድም።

በሥጋና በነፍስ መካከል ያለውን መስመር በቢላ የቆረጠው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት ነው፣ በ1641 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ። ሥጋ ቦታ ይይዛል፣ አያስብም። ነፍስ ታስባለች፣ ቦታ አትይዝም። በቃ። ከሁለት ዓመት በኋላ የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ ደብዳቤ ጻፈችለት። ገና 24 ዓመቷ ነበር። ቦታ የማትይዝ ነፍስ ሥጋን በምን ትገፋዋለች? ስትል ጠየቀችው። የሰጣት መልስ አላረካትም፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም አላረካኝም።

በደርግ ዘመን ደግሞ በየውይይት ክበቡ ቁስ አካል ቀዳሚ፣ ኅሊና ተከታይ ነው እየተባለ ይጠና ነበር። የልዕልቷ ጥያቄ እዚያም ተገልብጦ ይመጣል፤ ቁስ ማሰብን ከየት አመጣው?

ሙቀቱ አላላውስ ብሎ የዋለ ቀን፣ ማታ ነፋሱ ሲነሣ አዳሜ ወንበሩን ይዞ ደጅ ይወጣል። «እፎይ፣ አሁን ነፍሴ መለስ አለች» ይላል አንዱ። ከሦስቱ ባሕርያት ትሁን ከአራቱ፣ የሚጠይቀው የለም።