ተቃራኒ አማልክትን ለሚና ጨዋታ ዓለም ማዘጋጀት

በሚና ጨዋታ ተጫዋቾች የገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው በንግግርና በዳይስ ታሪክ ይሠራሉ። ለዚህ ጨዋታ ዓለም የሚሠራ ሰው ካርታውን እንደጨረሰ የሚገጥመው ጥያቄ «የዚህ አገር ሰው ማንን ያመልካል?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ አንድ የብርሃን አምላክ ይፈጠርና የጨለማ አምላክ ከፊቱ ይቆማል። ይህ አሠራር ሦስት አራት ጊዜ ከተጫወቱበት በኋላ ይደርቃል። ለጨለማው የሚሰግድ ገበሬ፣ ስለት የምታስገባ እናት አይገኙም፤ ተከታይ የሌለው አምላክ ደግሞ ጭራቅ ነው እንጂ አምላክ አይደለም። ጠባቸው የሚጸናው ለሁለቱም የሚገባ አንድ ነገር ሲሻሙ ነው።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የሚና ጨዋታ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲታተም የገጸ ባሕርያቱን ወገን የለየው በደግና በክፉ አልነበረም፤ በሕግ፣ በገለልተኛነትና በትርምስ ነበር። ደግነትና ክፋት ተጨምረው ክፍፍሉ 9 የሆነው በዚያው ዐሥርት ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ግሬግ ስታፎርድ የፈጠረው ግሎራንታ፣ በ1978 ለወጣው ሩንክዌስት ለተባለው የሚና ጨዋታ መቼት የሆነው ዓለም፣ ጥልቅ የሆነ ጠብ አለው። የማዕበሉ አምላክ ኦርላንዝ የፀሐዩን ንጉሠ ነገሥት ዬልምን ይገድላል፤ ዓለም ይጨልማል፣ ትርምስም ይገባበታል። በመጨረሻ ገዳዩ ራሱ ሙታን አገር ድረስ ወርዶ ከሟቹ ጋር ይታረቃል። በዚያ ስምምነት ጊዜ ይጀምራል፣ አማልክቱም በሰው ጉዳይ እንዳሻቸው እንዳይገቡ ይታሰራሉ። የሁለቱም ተከታዮች የየራሳቸውን እውነት ይዘው መጣላታቸውን አያቆሙም።

የጥንት ግብፆችም ይህን ያውቁ ነበር። ሱቴክ (ሴት ተብሎም ይጻፋል) ወንድሙን ኦሳይረስን የገደለ፣ ከሆረስ ጋር ስለ ዙፋን የተሟገተ አምላክ ነው። ሆኖም ፀሐይ በሌሊት በጀልባ ስትጓዝ ከፊት ቆሞ እባቡን አፖፒስን በጦር የሚወጋው እሱው ነው። እሱን ያጠፋ ንጋትን ያጣል።

ስለዚህ ሥራው ከስም በፊት በክርክር ይጀምራል። «የሞተ ነገር ይቆይ ወይስ ይፍረስ?» ከሚለው እንነሣ። ጼዋን የጨው አምላክ ነው፤ ያደርቃል፣ ያቆያል፣ አይረሳም። ቡሆር የእርሾና የብስባሽ እንስት አምላክ ናት፤ ሊጥ ታስነሣለች፣ ጠላ ታፈላለች፣ ሬሳን አፈር ታደርጋለች። ስሞቹ ከግዕዙ ጼው እና ከቡሆ የወጡ ናቸው፤ ተጫዋች ቶሎ የሚይዘው ትርጉሙ ከአፉ የቀረበ ስም ነው። የጼዋን ሰዎች ቤት እርሾ አይገባም፤ ቂጣ ይበላሉ፣ ሙታናቸውን አድርቀው በዋሻ ያኖራሉ፣ የቅድመ አያት ዕዳ ሳይቀር ይመዘግባሉ። የቡሆር ሰዎች ሬሳን ያለ ሣጥን እርሻ ውስጥ ይቀብራሉ፤ ባለቤቱ አፈር ሲገባ ዕዳውም አብሮ ይቀበራል። አሁን አንዲት መበለት አስቡ። እሷ የቡሆር ናት፣ ባሏ የጼዋን ነበር፣ ሬሳው ገና ቤት ነው፤ ሟቹ ያበደረው ገንዘብ የከተማውን ግማሽ አስሮታል። ዋሻ ከገባ ዕዳው ይጸናል፣ እርሻ ከገባ ይቀራል። ተጫዋቾቹ ሰይፍ ሳይመዙ ከባድ ምርጫ ላይ ደርሰዋል።

ለአንድ ካምፔይን (በብዙ ቀናት ለሚጫወቱት አንድ ረጅም ታሪክ) 3 ጥንድ፣ ማለትም 6 አማልክት፣ ይበቃሉ፤ 20 ቢጻፉ ጨዋታውን የሚመራው ጌም ማስተር ራሱ ይረሳቸዋል። ለእያንዳንዱ ግማሽ ገጽ ይመደብ። የሚሰጠው ጸጋ፣ የሚከለክለው ነገር፣ ምእመኑ ከሩቅ የሚታወቅበት ምልክት፣ ከተቃራኒው የሚፈልገው ነገር ይጻፍበት። ብዙዎች የሚዘሉት የመጨረሻውን ነው፤ እሱ ሲጎድል ደግሞ ሁለቱ የማይነጋገሩ ጠላቶች ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ጼዋን የሚያስቀምጠው እህል የሚበቅለው ቡሆር ባዳበረችው መሬት ነው፤ የቡሆር ሰዎችም ያለ ጨው ቋንጣ የላቸውም። ቀጥሎ ጥንዶቹን አጠላልፉ፦ በዕዳ ጉዳይ የጼዋን ወዳጅ የሆነው የዳኝነት አምላክ በቀብር ጉዳይ ጠላቱ ይሁን። ይህ ካልተደረገ 6ቱ አማልክት ሳይታሰብ 2 ጦር ሠርተው ወደ ብርሃንና ጨለማ ይመለሳሉ።

አማልክቱ ለምን ራሳቸው እንደማይዋጉ በግልጽ ይወሰን፤ አለበለዚያ ተጫዋች ጸልዮ ይቀመጣል። በ2014 በወጣው 5ኛው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እትም 10ኛ ደረጃ የደረሰ ክለሪክ (የካህን ገጸ ባሕርይ) አምላኩን ሲማፀን ከ1 እስከ 100 የሚያወጣ ዳይስ ይጥላል። ያወጣው ቁጥር ከደረጃው ካልበለጠ ይሰማለታል፣ ማለትም ከ100 ጊዜ 10 ያህሉን። ከተሰማለት በኋላ እንደገና ለመማፀን 7 ቀን ይጠብቃል። ዕድሉ ጠባብ ስለሆነ ጸሎት ክብደት አለው።

ሁለት ተጫዋቾች የተቃራኒ አማልክት ካህናት ለመሆን ከፈለጉ አትከልክሏቸው፤ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም። ግን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሁለቱም አምላኮች የሚፈሩትን አንድ ነገር ስጧቸው። ለጼዋንና ለቡሆር ያ ነገር እሳት ነው፤ የተቃጠለ ሬሳ ለዋሻም ለእርሻም አይሆንም።