የድሬዳዋ የቀትር እንቅልፍ

ድሬዳዋ በቀን ሁለቴ ይነጋባታል። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። በመካከሉ፣ ከስድስት ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ ከተማዋ ትዘጋለች። ባጃጁ ጥላ ይፈልጋል። ወንዱ ሱሪውን አውልቆ ሽርጡን ያገለድማል። ሴቷ በድሪያዋ ምንጣፍ ላይ ጋደም ትላለች። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ዕቃ ልግዛ ብሎ ሰባት ሰዓት ላይ ቢወጣ የሚያገኘው የተቆለፈ በርና ፍየል ነው። «እነዚህ ሰዎች ሥራ አይወዱም» ብሎ ይደመድማል። አይደለም አቦ፣ ሙቀቱ ነው።

ድሬ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲደርስ ነበር፤ ተራራው አልመች ሲል ጣቢያው ከግርጌው ተተከለ፣ ከተማውም ጣቢያውን ተከትሎ በቀለ። በሁለቱ ከተሞች መካከል 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከፍታቸው ግን ሌላ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ላይ ስትቀመጥ ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ትወርዳለች። ሐረሬው ሲመሽ ሹራብ ይደርባል፣ ድሬው ያለውንም ያወልቃል። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ እንጂ አየሩን አያበርዱትም።

የቀትር ድካምን ሰው በምሳ ያመካኛል። ምሳ ብቻውን አያመጣውም። ሰውነታችን የራሱ ሰዓት አለው። ያ ሰዓት ሌሊት ላይ ትልቁን እንቅልፍ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ትንሿን ይጠራል፤ ምሳ ያልበላውንም ያሸልበዋል። በዚህ ላይ የድሬን ሌሊት ጨምሩበት። እንቅልፍ እንዲይዘን የውስጥ ሙቀታችን ትንሽ መውረድ አለበት። ሰውነት ይህን የሚያደርገው ሙቀቱን በእጅና በእግር ቆዳ በኩል እያስወጣ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ የዋለ የቆርቆሮ ጣሪያ ማታ ያንን ሙቀት መልሶ ወደ ክፍሉ ሲያወርደው፣ የሰውነት ሙቀት መውጫ ያጣል። ሰውየው ይገላበጣል፣ አንሶላውን ይገፋል፣ ውሃ ይጠጣል። በዚህ መሃል ጥልቁ እንቅልፍና የሕልም እንቅልፍ ይጎድላሉ። የቀትሯ ሸለብታ ይህን ጉድለት በከፊል ትሞላለች።

ርዝመቷን በተመለከተ የእንቅልፍ ሐኪሞች የሚመክሩት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ከዚያ ካለፈ ሰው ወደ ጥልቁ ክፍል ይገባል፤ ከዚያ ሲቀሰቀስ ጭንቅላቱ ከብዶት፣ ፊቱ ተኮሳትሮ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቁን እየከፈተ የሚገላምጣችሁ ነጋዴ ካለ፣ አትቀየሙት፤ ሰዓቱ አልፎበት ነው።

የዛሬው ቀትር ግን የእንቅልፍ ብቻ አይደለም። በብዙ ቤት እንቅልፉን ጫት ወስዶታል። እረፍቱን ሙቀቱ አመጣው፣ በርጫው፣ ጫት የሚቃምበት መቀማመጥ፣ መጥቶ ተቀመጠበት። በሐረርም እንዲሁ ነው፤ በባህላዊው ቤት ውስጥ ያሉት አምስት መደቦች፣ ነደባዎቹ፣ እንግዳ ይቀበላሉ፣ ጫት ያስቅማሉ፣ ያስተኛሉም። ቀኑ ራሱ በጫት ይከፋፈላል። በጠዋት የሚቃመው «ኢጃባና» ይባላል፤ በኦሮምኛ ዓይን መክፈቻ ማለት ነው። ከቀትር በኋላ በርጫው ይዘረጋል። ወሬው ይሞቃል፣ ምርቃናው ይመጣል። ሲመሽ ምርቃናውን በመጠጥ የሚሰብር አለ፣ ጨብሲ ይሉታል። መጠጡ ቶሎ ያስተኛል፣ ሌሊቱ ሲጋመስ ግን ይቀሰቅሳል። እንቅልፍን ከእንቅልፍ ማጣት ጋር መግዛት ነው።

ነገሩ ከቅጠሉ ይጀምራል። ካቲኖን የሚባለውን ንጥረ ነገር የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ከእርጥብ ጫት ለይቶ ያወጣው በፈረንጆቹ 1975 ነው። አእምሮ ላይ የሚሠራው እንደ አምፌታሚን ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ ደካማ ዘመዱ ወደ ካቲን ይለወጣል። የአወዳይ ገበያ ጥድፊያ፣ የጫት መኪናዎቹም ክንፍ ማውጣት ከዚህ የመጣ ነው። ነጋዴው ኬሚስትሪ ባይማርም ሰዓቱን ያውቃል።

ማቆም የሞከረ ሰው ደግሞ ከዱካክ ጋር ይተዋወቃል። ዱካክ ክፉ ሕልም ነው፤ ከገደል መውደቅ፣ መታነቅ፣ በአውሬ መባረር። አንዳንዱ ነቅቶም መንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ ደረቱ ላይ ሰው የተቀመጠበት ይመስለዋል። አነቃቂ ነገር የሕልም እንቅልፍን ይቀንሳል። ሲቋረጥ የተጠራቀመው በአንዴ ይመለሳል፣ ሕልሙም ይበረታል። ሰውየው ይህን ስለማያውቅ «ጫቱ ተቆጣኝ» ብሎ በማግስቱ ይመለስበታል። ለእኔ የዚህ አካባቢ ትልቁ የእንቅልፍ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ጫት ለማቆም የመጣን ሰው «ለጥቂት ቀናት ዱካክ ይመጣል፣ ያልፋል» ብሎ አስቀድሞ የሚነግረው ባለሙያ መድኃኒት ከመስጠት የማይተናነስ ሥራ ይሠራል።

ወደ ሌሊቱ እንመለስ። ቤት ሲያቃጥል ድሬዎች ደጅ ይወጣሉ። ግቢ ውስጥ የጠፍር አልጋ ወይም ምንጣፍ ተዘርግቶ ይታደራል። ደስ ይላል፣ ትንኝም ደስ ይላታል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በፈረንጆቹ 2016 በቀብሪ ደሀር ነው። ሌሎቹ የወባ ትንኞች ገጠር ይወዳሉ፤ እሷ በርሜልና የውሃ ታንከር ይበቃታል። በ2014 ዓ.ም ድሬ ላይ በበጋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። ስለዚህ ደጅ የሚያድር ሰው አጎበሩንም ደጅ ማውጣት አለበት፤ ብዙው ግን በአጎበሩ ውስጥ ይሞቃል ብሎ ይተወዋል።

እንቅልፍና አደጋ ድሬ ላይ ሌላም ትዝታ አላቸው። በ1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ የሞላው ሌሊት ነው። የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች የሚለየው፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የሚመስለው ወንዝ፣ ሰዉን ከነመኝታው ወሰደው። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ወደ ተራራው ሲያጉረመርም ዓይኑ የማይከደን የወንዝ ዳር ሰው ቢኖር አይገርምም።

ሐረር ላይ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ በጀጎል ግንብ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ጅብ ይገባል፣ ሰውም ለምዶት ይተኛል።

የእንቅልፍ ሕክምና እንደ ሙያ ገና ወጣት ነው። ሕልም የምናይበት ክፍል ዓይን ከሽፋሽፍት ሥር በሚርገበገብበት ሰዓት እንደሆነ የታወቀው በፈረንጆቹ 1953 ቺካጎ ውስጥ ነው። ማንኮራፋት ደግሞ ለረጅም ዘመን የሳቅ ርዕስ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ትንፋሽ በእንቅልፍ ላይ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ እየተቋረጠ የሚመለስ ከሆነ በሽታ ነው፤ ደም ግፊት ያመጣል፣ ሹፌርን መሪ ላይ ያስተኛል። በፈረንጆቹ 1981 ኮሊን ሱሊቫን የተባለ የአውስትራሊያ ሐኪም አየር በአፍንጫ የሚገፋ መሣሪያ ሠርቶ መፍትሔ አመጣለት። የተሟላው ምርመራ ሰውን በሽቦ አስሮ የሚያሳድር ክፍል ይጠይቃል፤ የአእምሮ ሞገዱ፣ ትንፋሹ፣ የልብ ምቱ ሁሉ እየተመዘገበ። ጤና ጣቢያ የሚታሰብ ነገር አይደለም። እዚያ የሚቻለው መጠየቅ ነው።

የጥያቄዎቹ ታዋቂው የኤፕወርዝ መመዘኛ ነው፤ ሜልቦርን ውስጥ ተዘጋጅቶ በፈረንጆቹ 1991 ታተመ። ስምንት ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፣ በየአንዳንዱ የማንቀላፋት ዕድልህን ከ0 እስከ 3 ትሰጣለህ። ከ24ቱ ከ10 በላይ ያመጣ ሰው እንቅልፉ ይመርመር ይባላል። የምሥራቁ ሐኪሞች ስለ እንቅልፍ ለመምከር አንድ አዳራሽ ቢሰበሰቡ፣ መጀመሪያ ይህን ወረቀት ለአካባቢው ማስማማት ያለባቸው ይመስለኛል። አንዱ ጥያቄ «ከሰዓት በኋላ ጋደም ብትል ታንቀላፋለህ?» ይላል። ድሬ ላይ ይህን መጠየቅ ምሳ በላህ ወይ እንደማለት ነው፤ ጤነኛውም ሦስት ነጥቡን ይሰጣል። ሌላው «ሳታቋርጥ ለአንድ ሰዓት መኪና ተሳፍረህ ብትሄድስ?» የሚል ነው። እሱ ይቆይ። ከድሬ ሐረር መንገዱ አንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ደንገጎ ላይ ሚኒባሱ ሲጠማዘዝ ማንኮራፋት የቻለ ሰው ካለ፣ እሱን በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።